አሥራ ሁለቱን ክሮች የቀየርኩበት ጾም

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልፈረሰበትም። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የጎረቤት ጊታር ክር ቀየረች፣ ነገሩ ተበላሸ፣ አፈረች። ይኸው ነው። ከዚህ የከበደ ያየ ሰው «በዚህም ይታፈራል እንዴ?» ቢለኝ አልቀየመውም። እኔም ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

ግን ባለፈው ሳምንት በዶርማችን ቤዛ፣ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ልጅ፣ ያገለገለ ጊታር ገዝታ መጣችና አልጋዋ ላይ ቁጢጥ ብላ ክሩን መቀየር ጀመረች። መቃኛውን ባዞረችው ቁጥር ክሩ እንደሚያቃስት ሰው ድምፅ ያወጣል። ትንሽ ታገሥኩ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሲመጣ ግን ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁ።

«ምነው? ሆድሽን አመመሽ?» አለችኝ አንገቷን በበሩ አስግጋ።

«አይ፣ ስትጨርሺ ጥሪኝ።»

«ጊታር የሚያስፈራት ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ብላ ሳቀች። እሷ የያዘችው ባለ ስድስት ክር ነበር። እኔን ያሳፈረኝ አሥራ ሁለት ነበረው።

ያደግኩት ከኮተቤ በላይ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ከታክሲ ወርደን ወደ ሰፈራችን ስንወጣ የታክሲ ረዳቶቹ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚሉት ጩኸት ከኋላችን እየቀነሰ ይሄድና፣ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ የቅጠሉ ሽታ ይቀበለናል። በበጋ ሽታው ደረቅ ነው፣ አፍንጫ ያሳክካል። የበልግ ዝናብ ሲጥልበት ግን ለጉንፋን እንደሚታጠኑት እንፋሎት ደረት ውስጥ ይገባል። ጋሽ ግርማ ከእኛ በሁለት አጥር ይርቃሉ። ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደው ሲመለሱ አንድ ሻንጣ መጽሐፍና አንዲት ባለ አሥራ ሁለት ክር ጊታር ይዘው መጡ። ክሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠጋግተው ስለሚሄዱ አንዱን ሲነኩት ሁለቱ አብረው ይጮኻሉ፤ አንድ ሰው እየተጫወተ ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል።

ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ የዚያው ተራራ ልጅ ናቸው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ አባታቸው ገብስ ይዘሩበት ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለችው ጊታር በአገጫቸው እያመለከቱ «ከእኔ በፊት የገባች ጣውንቴ ናት» ይላሉ። «እኔ ስገባ እሷ ግድግዳውን ይዛ ጠበቀችኝ።»

ጋሽ ግርማ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላው እሑድ፣ ጊታሯን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አሥራ ሁለቱንም መቃኛ በየተራ ያላሉና «በይ እንግዲህ፣ አንቺም ጹሚ» ብለው መልሰው ይሰቅሏታል። እስከ ፋሲካ ማንም አይነካትም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጊታሯ የእውነት የምትጾም ይመስለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ረቡዕና ዓርብስ ትጾማለች?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር አንድ ቀን።

«ረቡዕና ዓርብማ ፈቅጄላታለሁ። የንስሐ አባቷ እኔ ነኝ።»

በዚያ ዓመት፣ ልክ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ብቸኛ ልጃቸው ሲፈን ልታገባ ነበር። ሙሽራው ድሬዳዋ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ከሠርጉ በኋላ ጓዟን ጠቅልላ ወደዚያው ትሄዳለች። የጾሙ እኩሌታ ላይ ይመስለኛል፣ እትዬ ጫልቱ ስልጆ አቅርበውልኝ ሰናፍጩ አፍንጫዬን እያቃጠለኝ በእንባ ስበላ፣ ጋሽ ግርማ ሲፈንን ሱቅ ላኳትና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ማሂ፣ ምስጢር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ ጋሼ።»

«ስታለቅሽ ነው እንዴ የምትችይው?»

«ስልጆው ነው!»

ሳቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲፈን ሕፃን ሳለች ሌሊቱን አልተኛም ስትል የሚጫወቱላት አንድ ዜማ ነበር። እንጦጦ ላይ ችግኝ ሲያስተክሉ በድንኳን ውስጥ ራሳቸው የፈጠሩት፣ ግጥም የሌለው ዜማ። ካደገች በኋላ ተጫውተውላት አያውቁም። በመልሷ ቀን፣ ሙሽሮቹ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሰው ሲጋበዙ፣ ሳታስበው ሊጫወቱላት ፈልገዋል። ግን ክሮቹ ዝገዋል፤ እሳቸው ደግሞ የስኳር ሕመሙ ዓይናቸውን አድክሞታል፣ የጣታቸውን ጫፍ አደንዝዞታል። ጣታቸው የለመደውን ቦታ አይስትም፤ ቀጭን ክር በጠባብ ቀዳዳ ማሾለክ ግን አቅቷቸዋል።

«ውሰጃትና አንቺ ጋ ትቀመጥ። እዚህ ከቀየርሽው ሲፈን ታያለች» አሉኝ። ከዚያ ሁለት እሽግ ክር ሰጡኝ። «የባለ አሥራ ሁለቱን ክር ፒያሳን ሁሉ ዞሬ አጣሁ። ሁለት የባለ ስድስት ነው የገዛሁት። ክሩ ይወፍርባታል፣ ስለዚህ ዝቅ አድርገን ነው የምንቃኛት። ጥንድ ጥንዱን ቀይሪ፤ አንዱን ጥንድ ሳታስገቢ ሌላውን እንዳትፈቺ። ደግሞ አታጥብቂያት። ትጹም። ቅኝቱን በመልሱ ቀን አብረን እናደርገዋለን፣ እኔ ሳንጎራጉር አንቺ ታስተካክያለሽ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ማለት አይከብደኝም ነበር። ልጅ ሆኜ ሰፈሩ ሁሉ «የታዘዘችውን የማትረሳ» ብሎ የሚያሞግሰኝ እኔ ነበርኩ፤ ምስጋናም እንደ ስኳር እወድ ነበር። ጊታሯን በነጠላ ጠቅልዬ ስወጣ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ስልኬ ላይ ቪዲዮ መፈለግ ነው። አንድ የሚጣደፍ ሰው አሥራ ሁለቱንም ክር በፒንሳ ቆርጦ ጣላቸውና እንጨቱን በዘይት ወለወለው። ጊታሩ እንደ አዲስ አበራ። የጋሽ ግርማ ጥንድ ጥንድ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር ግን የሽማግሌ ጥንቃቄ መሰለኝ። እንደዚያ ሰውዬ አብርቼ ብመልስላቸው እንዴት ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። የአባቴን ፒንሳ አመጣሁና ሁሉንም ቆረጥኳቸው። የተቆረጠው ክር ሁሉ እንደ እባብ እየተጠቀለለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዓመታት የተኛበትን አቧራ ጠረግኩ፣ ዘይት ቀባሁ። ከዚያ ሙሉ ከሰዓት አዲሶቹን ሳስገባ ዋልኩ፤ ጣቶቼ ተወጋግተው ደሙ።

ማጥበቅ አልነበረብኝም። ግን ልክ መሆኑን እንዴት ላውቅ? ስልኬ ላይ ጊታር መቃኛ አፕ ጫንኩ። ድምፁ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ያበራል። እናቴ በጾም ጊታር ነካሽ እንዳትለኝ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እያንዳንዱን ክር በቀስታ እየነካሁ አሥራ ሁለቱም አረንጓዴ እስኪሆኑ አጠበቅኳቸው። ጋሽ ግርማ ዝቅ አድርገን ያሉትን ስልኩ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ትጹም ያሉትን ደግሞ እንደ መንፈሳዊ ነገር ብቻ ነበር የሰማሁት። ማጥበቅ መብላት አይደለም፣ ማንም እስካልተጫወተባት ድረስ ጾሟን አልገደፈችም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ብዙ የደከምኩበትን መልሼ ማላላት አሳዘነኝ። ጊታሯን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ቀን ቀን ፀሐይ እንደ ምጣድ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር አስቀመጥኳት። በዚያ ሁኔታ ጾሙ አልቆ፣ ፋሲካ አልፎ፣ ግንቦት ገባ።

የመልሱ ቀን የጋሽ ግርማ ግቢ በድንኳን ተሸፍኗል። ዶሮ ወጡ፣ ጠጁ፣ የቁርጡ ቢላዋ ድምፅ፤ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተከልክሎ የነበረ ሁሉ ገና ያልተጠገበበት ጊዜ ነበር። ጊታሯን በጓሮ አስገባሁላቸው። ለቅኝቱ አብረን ልንቀመጥ የነበረው ቀርቶ ነበር፣ እንግዳ በላይ በላዩ መጥቶ ጊዜ አልነበራቸውም። ጎንበስ ብለው አንዱን ጥንድ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ማሂዬ፣ ከፍ አላለችም?»

«በስልኩ ልክ ነው ጋሼ» አልኩ።

ወደ ድንኳኑ አዩ፤ ሰዎች ይጠሯቸዋል። «ስልኩ ካለማ» አሉና ወጡ።

ዲጄው ሙዚቃውን ዝም አሰኘ። ማይክራፎን ፊታቸው ቆመ። ጋሽ ግርማ መጫወት ከመጀመራቸው በፊት «አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ» አሉ። ልቤ ዘለለ። «የእኔ ጣት እምቢ ሲለኝ ጣት የሆነችኝ አለች። ማሂ፣ የት ነሽ? ተነሺ እንጂ! አሥራ ሁለቱንም ያስገባች እሷ ናት።» ተነሣሁ። እልል ተባለ። እናቴ ነጠላዋን ስታስተካክል አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቀጥ ብዬ የቆምኩ አይመስለኝም።

ጀመሩ። ጥንዶቹ አብረው ሲጮኹ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሲፈን ለሙሽራው ልታጎርሰው የያዘችውን እንጀራ እንደያዘች ቀረች። አወቀችው። ከንፈሯ «አባዬ» ሲል ታየኝ። ዜማው ገና ወደ ሁለተኛው ዙር ሊመለስ ነበር።

ጧ!

ክሮቹ ታች የሚታሰሩበት እንጨት ከነአሥራ ሁለቱ ተገንጥሎ ዘለለ። ማይክራፎኑ ድምፁን እንደ ተኩስ አድርጎ ለቀቀው። አንዲት ሴትዮ «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች፤ የሙሽራው አጎት ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ቀጥሎ የሆነውን ማንም ሊከለክለው አይችልም ነበር፤ ሰው ሳቀ። መጀመሪያ የአጎትየው ጫማ ከጠረጴዛው ሥር ሲታይ፣ ከዚያ ሁሉም። ዲጄው ነገሩን ለመሸፈን የጭፈራ ዘፈን ከፈተ። እኔ አሁንም ቆሜ ነበር፤ ተቀመጪ ያለኝ አልነበረም። ጋሽ ግርማ የተሰነጠቀውን የጊታሯን ፊት በመዳፋቸው ሸፍነው ይዘዋል፣ ራቁቱን የሆነ ሰው የሚያለብሱ ይመስል። ሲፈን ወደ እሳቸው ለመሄድ ስትነሣ ሚዜዎቹ ወደ ጭፈራው ጎተቷት። በድንኳኑ ጀርባ ወጥቼ ቤቴ ሮጥኩ።

ጾሙ ምን እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው። ለካ የሚያላሉላት አንገቷና ሆዷ እንዲያርፍ ነበር። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ከአቅሟ በላይ በሆነ ወፍራም ክር ወጥሬ፣ በጋለ ቆርቆሮ ሥር አስተኝቻታለሁ።

የሰፈሩ ልጆች ስም ለማውጣት አልዘገዩም። «ማሂ ጧ!» ሆንኩ። ታክሲ ስጠብቅ፣ ዳቦ ስገዛ፣ ከኋላዬ አንዱ «ጧ!» ይልና የቀሩት መሬት ይተኛሉ። እሱን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የጋሽ ግርማን በር ማለፍ ነው። ትምህርት ቤት የምሄደው በደጃፋቸው ነበር፤ መንገዴን ቀየርኩ። በጓሯችን ወጥቼ፣ ጫካውን ዞሬ፣ በሸለቆው ወርጄ ዋናው መንገድ ላይ እወጣለሁ። ጭቃው ጫማዬን ስለሚያበላሸው በየቀኑ አርፍዳለሁ።

እትዬ ጫልቱ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጡ። የመጀመሪያ ቀን ድምፃቸውን ሰምቼ ጓዳ ገባሁ። እናቴ «ፈተና ደርሶባት እያጠናች ነው» አለችልኝ። በሁለተኛው ቀን ራሴ እናቴን «የለችም በያቸው» ብዬ ለመንኳት። ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ወይም ይቅር ብለንሻል ሊሉኝ፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር።

ግንቦት መጨረሻ አካባቢ፣ በጫካው መንገድ ከትምህርት ስመለስ፣ ከታች በጋሽ ግርማ ደጅ መኪና ቆሞ ሻንጣ ሲጫን አየሁ። ሲፈን ልትሄድ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጠጉሬን የምትሠራኝ ሲፈን። ከዛፎቹ መሀል ቆሜ መኪናው እስኪሰወር አየሁና ዞሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄደች። ካፊያ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ቅጥሩ በር ላይ እናቴ ከሰው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ እጄን ከኋላ የያዘኝ አለ። እትዬ ጫልቱ ናቸው። ማምለጫ አልነበረኝም። ራሴን ወደ መሬት አቀረቀርኩ፣ የሚመጣውን ልቀበል።

«ልጄ፣ ምን በድለንሽ ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እኔ እኮ ያን ዕለት ተጣልቼዋለሁ። በሕዝብ ፊት አቁሞ የሰው ልጅ ያዋርዳል እንዴ? ዝም ብሎ ቢጫወት ማን ያውቅ ነበር? እሱም ጸጸቱ እንቅልፍ ነሥቶታል። ይቅርታ ልንልሽ ብንመጣ፣ አንድ ቀን ታጠኛለሽ፣ አንድ ቀን የለሽም። ቂም ያዝሽብን ብለን…»

«እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠበቅኳት።»

«እሱማ ማን አጣው!» አሉ እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ጊታሯንስ ወሰን ሰፈር ያለ አናጢ በሳምንቱ ለጥፏታል። ክር ብቻ ነው የቀረው። የሰፈሩ ልጅ ይግጠምልህ ስለው እምቢ አለ። ሌላ ሰው ከነካት ማሂ ጨርሳ ታፍራለች፣ ራሷ ትመጣለች አለ። ሲፈንም እስክትሄድ ጠበቀች፣ ማሂ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያለች።»

የሆነው ሁሉ ተገልብጦ ታየኝ። ጊታሯ ድና ነበር። ሲፈን ገና እዚሁ ሳለች ድና ነበር። በሁለት አጥር ርቀት አሥራ ሁለት ክር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የእኔን እጅ ሲጠብቅ እኔ በጫካ እዞር ነበር። የሰበርኩት እንጨት ተለጥፏል፤ የሸሸሁባቸው ቀናት ግን የሚለጥፋቸው አልነበረም።

«ኮቱ» አሉኝ እትዬ ጫልቱ፤ ሲራሩ ኦሮምኛቸው ይቀድማል። «ነይ፣ እንሂድ።»

ጋሽ ግርማ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ ስለነበር የእግራችንን ድምፅ አልሰሙም። ልስማቸው ጎንበስ ስል ፊቴን በመዳፋቸው ዳስሰው አወቁኝ።

«ማሂ? ተቆጥተሽ ነበር?»

«አፍሬ ነው ጋሼ።»

«እኔም አፍሬ ነው» አሉ። «ከፍ ማለቷን ጆሮዬ ሰምቶ ነበር እኮ። ሰው ስለበዛ ዝም አልኩ።» ጊታሯን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ጥንድ ጥንዱን አስገባሁ። አንዱን ጥንድ ሳስር እሳቸው በጎርናና ድምፃቸው ያንጎራጉራሉ፣ እኔ መቃኛውን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርኩ ድምፃቸው ላይ እደርሳለሁ። «ይበቃታል» ይሉኛል ክሩ ገና የላላ እየመሰለኝ። ስልኬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ስንጨርስ ግን ራሳቸው «አሁን ስልክሽን አምጪ፣ ሲፈንን ደውይልኝ» አሉ። ሲፈን አነሣች። እኔ መሆኔን ስታውቅ «ወይ ማሂ፣ በመጨረሻ!» ብላ ጮኸች። ስልኩን ጊታሯ አጠገብ ያዝኩና ጀመሩ።

ዜማው ዝቅ ያለ፣ ሰፊ ሆኖ በረንዳውን ሞላው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መሀል ላይ ሲደርሱ ስልኬን ባየው መስመሩ ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም። እትዬ ጫልቱም አይተዋል፤ ተይው፣ ይጨርስ፣ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ዝም ማለት በጣም ቀላል ነበር። ደስ ብሏቸዋል፤ ማንም አይጎዳም።

«ጋሼ» አልኩ። «ተቋርጧል።»

ጣታቸው ቆመ። ፊታቸው ላይ ቅር የሚል ነገር አለፈና ሳቁ። «እንግዲያው ከመጀመሪያው ነዋ! ደውይ።»

ሦስት ጊዜ ደወልን። በሦስተኛው ሲፈን እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ እንደገና የተቋረጠ መስሎን ነበር። ከዚያ «አባዬ፣ በአካል እዚያ ብሆን» አለች። ጋሽ ግርማ «ትሆኛለሽ» አሏት። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ግቢው ጭቃ አየሁ።

ሲፈን በሥራና በልጅ ተይዛ እስካሁን መጥታ ጎን ለጎን ተቀምጣ አልሰማችውም። ጋሽ ግርማ አሁን ዓይናቸው ከዚያም ደክሟል፤ ለዕረፍት ወደ ሰፈር ስመለስ ጊታሯን የምቃኘው እኔ ነኝ፣ በቅበላም የማላላው እኔ ነኝ። ሰዎች ይህን ሲያዩ ታማኝ ልጅ ይሉኛል። ምስጋናው እንደ ድሮው አይጣፍጠኝም። ስሸሽ የከረምኩት ጥፋቴ ከብዶኝ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ስለ ጊታሯም ስለ እሳቸውም አላሰብኩም፣ ያሰብኩት ሰው እንዴት እንደሚያየኝ ብቻ ነው። እፍረቴን የራሴ ብቻ አድርጌ ስይዘው ሁለት ሽማግሌዎች በበኩላቸው ቤታቸው ተቀምጠው ምን በደልናት እያሉ ነበር። እስከዛሬ ፊቴን የሚያግለው ይህ ነው፣ ጧ ያለው ድምፅ አይደለም። እሱማ ግንቦት ላይ አልፏል። ነገሩ የእውነት ያለቀው፣ ያለቀ ከተባለ፣ በዝናብ በዚያ በረንዳ ላይ፣ ሰኔ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው።